ጣሪያ የሚያየው ካሜራ

«ለውዝ ሲበሉ አውቅዎታለሁ» አለቻት ልጅቷ እጇን ጨብጣ እንደያዘች።

ቀብሩ ትናንት ነበር። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተለቃቀሙ ወንበሮች ተጨናንቋል፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ እግሩ የሚወላገድ። የሟቹ ሚስት ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ፣ የመጣውን ሁሉ ፊቱን ሳታይ እጁን ብቻ ትጨብጣለች። የማዋለጃ ክፍል ነርስ ናትና ሠፈሩ ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት፤ ባሏም እንደዚያው። በር ላይ ጫማውን ሊያስር ያጎነበሰ ባሏ እዚያው እንዳጎነበሰ ቀርቶባት፣ ልቧ ገና በሩ አጠገብ እንደቆመ ነው።

አሁን ግን ቀና አለች። «ምን አልሽኝ?»

«የባለቤትዎ የሥራ ባልደረባ ነበርኩ፤ የመንገድ ካሜራ ክፍል። ያው ስክሪኑ ላይ… አደባባዩ ጋ ካለችው አግዳሚ ወንበር ቁጭ ብለው ለውዝ ሲፈለፍሉ…» ልጅቷ አፏን በመዳፏ ከደነች። «ወይ የኔ ነገር! ለቅሶ ቤት ይሄ ይወራል? እግዜር ያጽናዎት።»

ሲስተር እጇን ከልጅቷ እጅ መነጨቀች። ያቺን ወንበር ከራሷ በቀር የሚያውቅ ሰው አለ ብላ አስባ አታውቅም።

ወንበሯ ላይ የተደበቀ ኃጢአት አልነበረም። ውሽማ የለ፣ ምሥጢር የለ። ሆስፒታል ውስጥ ምጥ የያዛቸው ሴቶች «ሲስተር! ሲስተር!» ሲሏት ትውላለች። ቤት ስትገባ ደግሞ አልጋ ላይ የዋሉት አማቷ ከጓዳ «ሲስተር!» ይላሉ፤ ልጆቹ ይጠሯታል፤ ባሏ ካልሲው ጠፍቶበት ይጠራታል። ስለዚህ ፈረቃዬ የሚያልቀው ቆየት ብሎ ነው ብላ ቤተሰቧን ትንሽ ዋሸች። በዚያች በተረፈችው ጊዜ ለውዟን ገዝታ፣ ልጣጩን ቀሚሷ ላይ እያራገፈች፣ ማንም የማይጠራት ሰው ሆና ትቀመጣለች። በቃ። ሰው ምን ታደርጊ ነበር ቢላት ምን እንደምትል እንኳ አታውቅም፤ ምንም አታደርግማ።

የባሏ እህት ሻይ የደረደረችበትን ሰርቪስ ይዛ መጣችና ንግግሩን ከመሃል ቀለበችው። «የካሜራ ክፍል ነሽ? ወንድሜን የበላው እኮ ያ ስክሪን ነው! ዓይኑን አድክሞ በጡረታ ሸኘው። ሥራ መፍታቱ ደግሞ ልቡን በላው።»

«ዓይኑን?» አለች ልጅቷ። «የንስሩን ዓይን?»

«የማንን?»

«እኛ ንስሩ ነበር የምንለው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል የጠፋ ሕፃን በጫማው ቀለም የሚለይ ሰው ነው። ዓይኑ ምንም…» አላስጨረሰቻትም ሲስተር። ክንዷን አፈፍ አድርጋ ወደ መኝታ ቤት አስገባቻትና በሩን መለስ አደረገችው።

«አሁን ሁሉንም ንገሪኝ። አንድም ሳታስቀሪ።»

ካሜራዎቹ በየምሰሶው መሰቀል የጀመሩ ሰሞን፣ ባሏ ከሥራ ሲመጣ ፊቱ ያበራ ነበር። ቦርሳ ነጥቆ የሮጠውን ከመንገድ መንገድ በዓይኑ ተከትሎ ያስያዘ ዕለት ራት መብላት አቅቶት ሲያወራ አመሸ። እሷ ብቻ ሹካዋን አስቀምጣ፣ «እኔስ መታየት አልወድም» አለች።

«ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?»

«ፈራሁ ወጣኝ? አልወድም ነው ያልኩህ።»

እሱም ሳቀ። «አይዞሽ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ማን አንቺን ይለይሻል?»

«አንድ ቀን አብረን ተረኛ ነን» አለች ልጅቷ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቂብ ብላ። «አንዱ ልጅ፣ ‹ይቺ ሴትዮ ዛሬም መጣች፤ ማንን ነው የምትጠብቀው?› ብሎ ካሜራውን አቀረበው። ፊትዎ ስክሪኑን ሞላው። ሌላው ‹ውሽማዋን ነዋ!› አለና ተሳሳቅን። እኔም ስቄያለሁ፤ አልዋሽዎትም። ንስሩ ብቻ አልሳቀም። ከዚያ ተነሳና መቆጣጠሪያውን ከልጁ እጅ ወስዶ ካሜራውን ወደ ማዶው ሕንፃ ጣሪያ አዞረው። ‹ሚስቴ ናት› አለ። የምንገባበት ጠፋን።»

ሲስተር ጉንጯን ዳበሰች፤ የሆነ ሰው ነክቶት የሄደ ይመስል።

«ከዚያ ወዲያ የእርስዎ ሰዓት ሲደርስ በየቀኑ ያዞረዋል። ከደንብ ውጭ ነው። ‹ቢያንስ አንተ ብቻህን እያት› ስለው፣ ‹ካየሁ እጠይቃታለሁ። ከጠየቅኳት ደግሞ ያቺ ወንበር አለቀላት› አለኝ። መቼ እንደሚነሱ ስለማያይ ሰዓቱ እስኪሞላ አይመልሰውም። አንድ ቀን በዚያው ሰዓት ነው ልብስ ሰፊውን የደበደቡት።»

ሲስተር ከአልጋው ተነሳች። መልሳ ተቀመጠች።

የልብስ ሰፊው ሱቅ ከወንበሯ ፊት ለፊት ነው። ያን ቀን ካፊያ ጀምሮ ስለነበር ቶሎ ተነስታ ወደ ቤቷ ሄዳለች። በማግስቱ፣ ሁለት ሰዎች ሱቁ ገብተው ዘረፉት፣ ቀኝ እጁንም በገዛ መተኮሻው ቀጠቀጡት ሲባል ሰምታ፣ ሁለተኛ እዚያ አልተቀመጠችም። ያን ማታ ደግሞ ባሏ ላይ ጮኻበት ነበር፦ «ያ ሁሉ ካሜራ ታዲያ ምን ይሠራል? ጣሪያ ነው እንዴ የሚያየው?» እሱ ከሳህኑ ቀና አላለም። ለነገር ያህል ያለችው ነበር! ካሜራው ባዶ ወንበር ሲጠብቅ ነበር ለካ። ዘራፊዎቹም አልተያዙም።

«ወዲያው አባረሩት» አለች ልጅቷ። «ለምን እንዳዞረው ጠይቀውት ‹የኔ እጅ ነው ያዞረው› ብቻ አለ። ስምዎን አላነሳም። እኛም አላነሳን። እኔ… የሚያውቁ መስሎኝ ነው።»

አታውቅም ነበር። የምታውቀው ባሏ ዓይኔ ደከመ ብሎ ሥራ መተዉን፣ ከዚያም ከልብስ ሰፊው ጋር ድንገት መወዳጀቱን ነው። ጠዋት ይወጣል፣ ሱቁ ይውላል፣ ጨርቅ ይይዝለታል፣ ክር ይቆርጥለታል። አንድ ቀን በመስኮቱ ስታልፍ ያለመነጽር መርፌ ላይ ክር ሲያስገባ አይታው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህ የሚደክመው መርጦ ነው እንዴ?» ብላ ስቃበታለች። እሱም ሳቀ። እንዴት ነው የሳቀው? ምን ዓይነት ሳቅ ነበር? ልታስታውሰው ብትታገል እምቢ አላት።

ከመኝታ ቤት ስትወጣ ልብስ ሰፊው ሳሎን ውስጥ ነበር። ከቤተሰቡ ቀጥሎ፣ ከሬሳ ሳጥኑ ጀምሮ አንድም ጊዜ ያልተለየ ሰው ነው። የማይታጠፈውን ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ አጋድሞ አጠገቡ ለተቀመጠው ያወራል፦ «ወንድም ነበር የሆነልኝ። ከዚያ ጉድ በኋላ ደጄን ያልረሳ እሱ ብቻ ነው። ምን እንዳገኘብኝ እንጃ!»

ሲስተር በሩን ተደግፋ ቆመች። ሰዉ አዘነላት፤ የባሏ እህት ሮጣ ውሃ አመጣችላት።

ያን ቀን አልተናገረችም። በማግስቱ ግን፣ ልብስ ሰፊው አየር ልቀበል ብሎ ግቢ ሲወጣ ተከተለችው። የታጠቡት ብርጭቆዎች ከተደፉበት ጠረጴዛ አጠገብ፣ ቃል ሳትመርጥ፣ ልክ ልጅቷ እንደነገረቻት ነገረችው። መሃል ላይ አንዴ ብቻ አቋረጣት።

«የእርስዎ ወንበር ያቺ ዛፍ ሥር ያለችው ናት?»

«አዎ።»

«አይዎት ነበር እኮ ከመስኮቴ። አንድ ቀን ሻይ ልላክላት ብዬ ተውኩት። ብቻዋን መሆን የፈለገች ሴት ናት፣ ምን አገባኝ አልኩ።»

ስትጨርስ ልብስ ሰፊው እጁን አየው፤ የሌላ ሰው ዕቃ አደራ የተሰጠው ይመስል አገላበጠው።

«ፖሊሶቹ ‹ካሜራው ሌላ አቅጣጫ ነበር› ሲሉኝ ዕድሌ ነው ብዬ ተቀበልኩ» አለ። «ከዚያ እሱ መጣ። እሱ! ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ‹አይዞህ፣ ይይዟቸዋል› ይለኝ ነበር። በጥርሴ ክር ስበጥስ ያያል። ያየኛል፣ ሲስተር! ታዲያ አንድ ቀን አይነግረኝም?»

«ለኔም አልነገረኝም፣ ጋሼ።»

«እርስዎማ የተሰጠዎት ነው። እኔ የተወሰደብኝ ነው።»

ብሶቱ ይሁን እውነቱ፣ ከሁለቱ አንዱን ነጥላ ማየት አቃታት። ልብስ ሰፊው የለበሰውን ካፖርት ባንድ እጁ ሰብስቦ፣ ማንንም ሳይሰናበት በግቢው በር ወጣ።

ከዚያ በኋላ አልመጣም። ለቀስተኛው ተንሾካሾከ። «ምን ብላው ነው?» አለች አንዷ። «ብድር ይሆናል» አለች ሌላዋ፤ ሰው ወሬ ካጣ ይፈጥራል። የባሏ እህት ግን ሰው ሲሳሳ ጠብቃ ሲስተርን ለብቻዋ ይዛ ጠየቀቻት፤ ሁሉንም ሰምታ ስትጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ምን አለ ዝም ብትዪ? የሞተ ሰው ስም ነው የቀረን።»

«እሱም ዝም ብሏል» አለች ሲስተር። «አየሽው ዝምታው ያደረገውን?»

በባሏ ልትናደድ ትሞክራለች፤ ፊቷ ስክሪን ሞልቶ ሰው ሲሳሳቅበት ዝም ብሎ ቤቱ ገብቶ ራቱን የበላ ሰው ነው። ልትናደድ ስትል ደግሞ መቆጣጠሪያውን ከልጁ እጅ ሲቀማ ይታያታል። ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል ይል የነበረ ሰው! አንድ ቀን እንኳ «የት ዋልሽ?» ብሏት አያውቅም። ግድ የለሽ ነው ብላ ቅር ብሏት ነበር፤ አመሉ ነው ብላ ለእህቱ አምታዋለች።

ወንበሮቹ ወደየባለቤታቸው በሚመለሱበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ልብስ ሰፊው መጣ። ሳሎኑ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። በሩ ላይ ትንሽ ቆሞ ገባና ሲስተር አጠገብ ካለው ወንበር ተቀመጠ። የባሏ እህት ሻይ ብታቀርብለት ራሱን ነቅንቆ እምቢ አለ።

«ቂም የለኝም ብል ውሸት ነው» አለ። «አለኝ። ሱቄ ገብቼ የሱን ወንበር ሳየው ልጥለው አነሳሁት።»

«ጣሉት?»

«መልሼ አስቀመጥኩት። ማን ይቀመጥበታል ታዲያ? ብቀየመውም ናፈቀኝ። ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነው፣ ሲስተር?»

«እኔም እንደዚያው ነኝ» አለች።

ደጅ ሰዎች ወንበር ሲጭኑ ይሰማል። ሲመሽበት ልብስ ሰፊው ተነሳ። ውጭው ቀዝቅዞ ነበርና ካፖርቱን ሊቆልፍ በግራ እጁ ይታገል ጀመር፤ ቁልፉ ከቀዳዳው ጫፍ እየደረሰ ይመለሳል፣ እየደረሰ ይመለሳል። ዕድሜ ልኩን የሰው ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው።

ሲስተር ተነስታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ልቆልፍልዎት አላለችም። ከታችኛው ጀምራ አንድ በአንድ ቆለፈችለት፤ እሱም እጆቹን ወደ ታች ለቆ እንደ ልጅ ቆመላት። የላይኛውን ከቆለፈች በኋላም ጣቶቿን ከካፖርቱ ላይ አላነሳችም።