ተረኛው ክርን

የፋብሪካ ሠራተኞችን በአውቶቡስ የሚያመላልሰው ሾፌር ሲያንኮራፋ ግድግዳ ይነቀንቃል። ሚስቱን የሚያስጨንቃት ግን ማንኮራፋቱ አልነበረም፤ ዝምታው ነው። በመሀል ጸጥ ይላል፣ ትንፋሹ ቀጥ ይላል። ያኔ በክርኗ ጎኑን ጎሸም ታደርገዋለች፤ ይገላበጥና ይተነፍሳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስታደርግ ከመልመዷ ብዛት ራሷ መንቃት ትታለች። "እኔ እተኛለሁ፣ ተረኛው ክርኔ ነው" እያለች ትቀልድ ነበር።

ሾፌሩ ግን ቀን ቀን ዓይኑ ይከደን ጀመር። እዚያው ፋብሪካ ልብስ የምትሰፋው ታናሽ እህቱ፣ መብራት ይዞት ሲያንጎላጅ በመስታወቱ አየችው። ፈራችና የመጨረሻው ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመረች። ሲብስባት ለአለቃው ተናገረች፤ አለቃውም የእንቅልፍ ምርመራ ሳታደርግ መሪ አትይዝም አለው።

ሚስት ጨርቋን ልትጥል ደረሰች። የእናቱ ልጅ እንዴት ጉሮሯችንን ትዘጋለች ብላ፣ ልብስ ሰፊዋ ደጇን እንዳትረግጥ አስጠነቀቀች።

ምርመራው ሆስፒታል ታድሮ የሚደረግ ነው። ጭንቅላቱ፣ ደረቱና ጣቱ ላይ ሽቦ ሲለጣጥፉበት እንደ በግ ታስሬ አልተኛም ብሎ አስቸገረ። ሲቸግራቸው ሚስትህ አጠገብህ ትደር አሉት። ጠዋት ሐኪሙ ውጤቱን አየ፤ ትንፋሹ አልፎ አልፎ ቢደክምም አይቋረጥም፣ ኦክስጅኑም አልወረደም። ቶሎ ቶሎ የነቃው ሽቦው ረብሾት ነው አለና፣ መንዳት ይችላል ብሎ ፈረመ።

ሚስት ወረቀቱን ይዛ በቀጥታ የሄደችው የባሏ እህት ቤት ነው። በሩ ላይ ቆማ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበችላት። ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፋች። ወንድሟን ይቅርታ ጠየቀችው፤ ማመኗን ለማሳየትም ከዚያን ቀን ጀምሮ ከፊት፣ ከሾፌሩ ጎን ካለው ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመረች።

በሦስተኛው ሳምንት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ አውቶቡሱ ከቆመ የጭነት መኪና ጋር ተላተመ። የሾፌሩ ክንድ ተሰበረ። የሞተችው እህቱ ብቻ ናት።

ሐኪሙ ግራ ቢገባው በምርመራው ሌሊት የተቀረጸውን ቪዲዮ አወጣ። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው አዩት። ሰውየው ጸጥ ሊል ሲል ክርኗ ይነሳል፣ ጎሸም ያደርገዋል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ሲነጋም እንደዚያው። ዓይኗ አንዴም አልተገለጠም። ሲከታተል ያደረው ባለሙያ አይቶት ኖሯል፤ የፍቅር መስሎት ዝም አለ። ሐኪሙም ጉሮሮው እየጠበበ ትንፋሹን እንደሚዘጋበት፣ እሷ ግን ማሽኑ ሳይቆጥረው እየቀደመች ስትከፍተው እንዳደረች ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳቸው።

"ያን አንድ ሌሊት ብትተዪኝ ምን ነበረበት?" አላት ባሏ።

"ተኝቼ ነበር እኮ። ትሞትብኛለህ ብዬ የለመድኩት ነው።"

"እኔማ አልሞትኩም።"

አሁን አየር የሚገፋ ማሽን ተሰጥቶታል። ጭንብሉን አጥልቆ ሳሎን ይተኛል፤ አያንኮራፋም፣ መሪም አይዝም። እሷ መኝታ ቤት ብቻዋን ናት። ልማድ ክፉ ነው፤ ሌሊቱን ግድግዳውን ስትጎሽም አድራ ጠዋት ክርኗ ተልጦ ታገኘዋለች። ክርኗንስ ይቅር ትለዋለች፤ ተኝታ ነበር። በሰው በር ላይ ቆማ ያን ወረቀት ስታነብ ግን አልተኛችም።