የሻንቲ ስም

መሠረት ዩኒየን ሲቲ ያለው የሕንዳዊው የጉርሜል ቤት እየተመላለሰች እናቱን መንከባከብ ከጀመረች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። አሮጊቷን ቤተሰቡም ጎረቤቱም «ቢጂ» ነው የሚሏቸው። የሁለቱም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ስለሆነ እርስ በርስ መግባባት አይቸግራቸውም፤ የሚቸግራቸው ሌላ ሰው መሐል ሲገባ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጉርሜል ከሥራው ቀደም ብሎ ተመለሰና «መሲ፣ ዛሬ ከእናቴ ጋር ሲቲ ካውንስል ትሄጂልኛለሽ? ያላንቺ ክንድ አትራመድም» አላት።

«እሳቸው እዚያ ምን ሊያደርጉ?»

«በሰማንያ አራት ዴልሂ ውስጥ በእኛ በሲኮች ላይ የተፈጸመው ዘር ማጥፋት ነው ብለው ድምፅ ሊሰጡ ነው። እሷም ትመሰክራለች።»

ታሪኩን ከዚህ በፊት በቁንጽል ሰምታዋለች። የሕንድን ጠቅላይ ሚኒስትር የገደሉት የገዛ ጠባቂዎቿ የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ስለነበሩ፣ የተቆጣ መንጋ በማግስቱ ሲክ የተባለውን ሁሉ ማሳደድ ጀመረ። የጉርሜል አባት ያኔ ነው የተቃጠሉት። ግን ይኼ ሁሉ የሆነው ሕንድ አገር፣ በፈረንጆቹ ሰማንያ አራት ነው፤ አርባ ዓመት አልፎታል። ስለ መንገድ መብራትና ስለ ቆሻሻ የሚወስን የትንሽ ከተማ ምክር ቤት ምን አግብቶት ነው? ግራ ቢገባት በርክሌ ዩኒቨርሲቲ ለምትማረው ልጇ ለሊሊ ደወለች።

«ኢትስ ሪኮግኒሽን፣ ማሚ። ላይክ፣ ሆኗል ብለው ማመን።»

«እና እስከ ዛሬ አልሆነም ነበር?»

ሊሊ «አይ ሃቭ ክላስ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ባንድ በኩል ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌዎችና ሴቶች ተቀምጠዋል፤ በሌላው በኩል ውሳኔውን የሚቃወሙ ሌሎች ሕንዶች፣ በብዛት ሂንዱዎች። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ፣ መነጽር ያደረገ ሰውዬ፣ «ይህ ቃል እዚህ የተወለዱ ልጆቻችንን የገዳይ ልጆች ያሰኛቸዋል» ሲል ተማጸነ። መሠረት እሱም አሳዘናት። ማን ትክክል እንደሆነ ልትወስን ሞከረችና ተወችው።

ጉርሜል አባቱ እንዴት ከቤት ተጎትተው እንደወጡ ተናገረ። ቀጥሎ ቢጂ ተጠሩ። መሠረት ክንዳቸውን ይዛ ማይክሮፎኑ ጋ አደረሰቻቸው። በቋንቋቸው በፑንጃቢ ሲናገሩ አንዲት ወጣት ትተረጉም ጀመር።

«የባሌን ልጄ ነግሯችኋል፤ አልደግመውም። እኔ የምናገረው ስለ ሻንቲ ነው። ሻንቲ ጎረቤቴ ናት፤ ሂንዱ ናት። ልጄን ከጉያዬ ነጥቃ ወሰደችው። ፀጉሩን በመቀስ ቆረጠችና የሴት ልጇን ቀሚስ አለበሰችው። ከዚያ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ ‹እዚህ ያሉት የእኔው ልጆች ናቸው› ብላ ለገዳዮቹ ማለችላቸው። ማቃጠያውን ጋዝ ተሸክሞ የመጣው ደግሞ የገዛ እህቷ ልጅ ነበር። የሻንቲንም ስም ጻፉልኝ።»

ፀጉር መቁረጥ ለሲክ እምነትን እንደ መካድ መሆኑን መሠረት ታውቃለች። ዞር ብላ ጉርሜልን አየችው። ጎልማሳው ሰውዬ እጁን ጥምጥሙ ላይ አድርጎ ፈዞ ቀርቷል። ሰብሳቢዋ ቢጂን በአክብሮት አመስግና ሰዓታቸው ማለቁን ነገረቻቸው።

ድምፅ ተሰጠ፤ ጸደቀ። ሰዉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ የሚተቃቀፍ፣ የሚያለቅስም ነበር። ቢጂ የመሠረትን እጅጌ ሳብ አደረጉ።

«ምን አሉ?»

«አዎ አሉ።»

«ምኑን ነው አዎ?»

«ሆኗል አሉ።»

«መሆኑንማ አውቃለሁ» አሉ ቢጂ። «ሻንቲንስ?»

«እሷን አላነሷትም።»

ሲወጡ ያ መነጽር ያደረገው ተቃዋሚ በሩ ላይ ጠበቃቸው። በአገራቸው የአክብሮት ልማድ ጎንበስ ብሎ የቢጂን እግር ነካ። ቢጂም እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ አሳረፉ። ጉርሜል ፊቱን አዞረ። መሠረት ደግሞ እንባዋ ዝም ብሎ ይወርድ ጀመር፤ ለማን እንደምታለቅስ ግን አላወቀችውም።

መኪናው ውስጥ ጉርሜል «ጉርድዋራ፣ ቤተ መቅደሳችን ውስጥ ነው የተሸሸግነው ብላ ነበር እናቴ የነገረችኝ» አለ። «ቀሚሱ ትዝ ይለኛል። ቢጫ ነው። ሕልም ይመስለኝ ነበር።»

መሠረት የራሷ ቤት ትዝ አላት። በቀይ ሽብር ታላቅ ወንድሟን አምሐን ከቤት የወሰደው የቀበሌ አብዮት ጠባቂ የጎረቤታቸው የአቶ ዘነበ ልጅ ነበር። ጮኾ ማልቀስ በተከለከለበት በዚያ ጊዜ በጓሮ አጥር ሾልካ መጥታ፣ ከመሠረት እናት ጋር ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ያለቀሰችው ደግሞ የዚያው ልጅ እናት ነበረች። ያንን የአቶ ዘነበን ቤት ትጥላው ወይስ ታመስግነው፣ መሠረት እስከ ዛሬ አልለየላትም። ኦክላንድ ቤቷ ገብታም ሊሊ ደውላ «ሶ፣ ዲድ ዘይ ዊን? አሸነፉ?» ስትላት፣ «መሰለኝ» ብቻ ነው ያለቻት።

በሳምንቱ ቢጂ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አጥልቀው ጠበቋት። «ወደዚያ ምክር ቤት ውሰጂኝ» አሉ። ለሰባት ቀን ከእናቱ ጋር እምብዛም ያልተነጋገረው ጉርሜልም ቁልፉን አነሳና «እኔ እነዳለሁ» አለ።

የከተማው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ትሑት ነበረች። የጸደቀው ውሳኔ ላይ ስም መጨመር እንደማይቻል ነገረቻቸው፤ ነገር ግን ማንም ነዋሪ በሚቀጥለው ስብሰባ ተመዝግቦ መናገር ይችላል።

«መዝግቢኝ በያት» አሉ ቢጂ።

ጉርሜል ወደ እናቱ ጎንበስ ብሎ በፑንጃቢ አንድ ነገር ጠየቃቸው። ቢጂ አሰቡ፤ እንደገና አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የሻንቲን የአባት ስም ጠይቄያት ነው» አለ ለመሠረት። «አታውቀውም። ሻንቲ ብቻ ነው የሚሏት።»

ሠራተኛዋ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ እንዳደረገች ቀና አለች። «የሚናገሩት ስለ ምንድን ነው ልበል? ስለ ግድያው ነው?»

ጉርሜል መሠረትን አየ፤ መሠረት ቢጂን አየች።

«አዎ» አለች መሠረት። ወዲያው ደግሞ «ቆይ፣ አይደለም» አለች።