መሪጌታ ያልሰሙት ቀረጻ

መሪጌታ ወልደ ሰንበት ከድጓ ቤታቸው ከቤተ ልሔም ንፋስ መውጫ ድረስ የመጡት የራሳቸውን ዜማ ሊያርሙ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ባለቤቴ ጌታነህ፣ እሳቸው ድጓ ሲያዜሙ ድምፃቸውን ቀርፆ ነበር። ቀረጻው ለተማሪዎች ከመባዛቱ በፊት እሳቸው አንድ ጊዜ ሰምተው እርማት መስጠት አለባቸው። የድጓ ቤት ሥርዓት እንዲህ ነው፤ በመምህሩ ጆሮ ያላለፈ ዜማ አይወጣም። ጌታነህ ካረፈ ወዲህ ሥራው እኔ እጅ ላይ ቀርቷል።

የምሠራው በከተማው ባለች አንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ነው። ኮምፒውተሮቹ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠሩ ናቸው፤ የምከታተላቸውም እኔ ነኝ። መሪጌታ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ኔትወርኩ ጥሩ ስለነበር ቀረጻው የተቀመጠበትን ላፕቶፕ ከርነል አሻሻልኩ። ከርነል ከስክሪኑ፣ ከድምፅ ማጉያው፣ ከዕቃው ሁሉ ጋር የሚነጋገረው የሥርዓቱ እምብርት ነው። ባልደረባዬ ማሬ፣ እንግዳው መጥተው እስኪሄዱ ብታቆዪው ምን አለበት ብላኝ ነበር። እኔም ይህንኑ ስማር አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መቀመጤን ነገርኳት።

ካሻሻልኩ በኋላ ድምፁን አልሞከርኩም። እያንዳንዱ ቀረጻ ሲጀምር ቀኑን የሚናገረው ጌታነህ ነው። ሌላ ድምፅ ከፍቼ መሞከር እችል እንደነበር አውቃለሁ።

ዓርብ ጠዋት የኔታ ከዋና ተማሪያቸው ከመልካሙ ጋር መጡ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ጆሯቸውም ጮክ ብለው ካላናገሯቸው ያስቸግራቸዋል። ወንበር አቀረብኩላቸው፣ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግሁና ቀረጻውን አስነሳሁ። ስክሪኑ ላይ የድምፁን መጠን የሚያሳየው አረንጓዴ መስመር ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ።

«ጀመረ?» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው።

መጀመሩን ነገርኳቸው። ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ጫን አደረጉት። መልካሙ መስመሩን አይቶ እየዘለለ ነው አላቸው። እኔ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁት። ጥቂት ቆዩና ማዳመጫውን ቀስ ብለው አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ለካ እዚህ ደርሻለሁ» አሉ።

ከጾሙ ወዲህ የአንዳንድ ተማሪ ድምፅ እያመለጣቸው እንደነበር፣ ለማንም እንዳልተናገሩ ለመልካሙ ሲነግሩት እኔ ማዳመጫውን አንስቼ ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። ጭጭ ያለ ነው። ከማሻሻሉ የመጣ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። «ላንቺ ይሰማሻል፣ ልጄ?»

ማሬ ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ ታየኛለች። መልካሙም ያየኛል።

«ይሰማኛል» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። የድጓ መምህር ዓይኑ ቢጠፋ በቃሉ ያስተምራል፤ ጆሮው ከጠፋ ግን ስሕተት ሲያሳልፍ ይኖራል አሉ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወንበራቸውን ለመልካሙ እንደሚለቁ ተናገሩ። መልካሙ አንገቱን ደፋ። ደግፎ ይዟቸው ወጣ።

ማሬ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀችና መጥታ ማዳመጫውን አጠለቀች።

«እታለም፣ እኔም ደንቁሬ ነው መሰል» አለችኝ።

ድምፁ ተዘግቶ እንደሆነ አየሁ፤ አልተዘጋም። የድምፅ መውጫዎቹን ዝርዝር ስከፍት የድምፅ ካርዱ ስም የለም። በቦታው «ዳሚ አውትፑት» የሚል ተቀምጧል። ማሽኑ እውነተኛውን መውጫ ሲያጣ ለይስሙላ የሚያስቀምጠው ነው፤ ድምፁን ይቀበላል፣ የትም አያደርሰውም፣ መስመሩ ግን ይዘላል። የማሽኑን መዝገብ ሳነብ አዲሱ ከርነል ለድምፅ ካርዱ የሚያስፈልገውን ፋይል ማግኘት አልቻለም። አጥፍቼ አስነሳሁት፤ መጀመሪያ ከሚመጣው ምርጫ ላይ የቀድሞውን ከርነል መረጥኩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። የኔታን እዚያው አስቀምጬ ልሠራው የምችለው ነገር ነበር።

ቀረጻውን ከፈትኩ። ጌታነህ ቀኑን ተናገረ። እስኪጨርስ ጠብቄ ዘጋሁት።

ማሬ ሐሳቧ ቀላል ነበር። ሄደሽ አሰሚያቸው፣ ይደሰታሉ፣ ማን ይጠይቅሻል አለችኝ።

እሁድ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄጄ የቀረውን በእግሬ ደረስኩ። ቅዳሴ ወጥቷል። የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወይራው ሥር ተቀምጠዋል፤ ተማሪዎቹና ምእመናኑ ወንበራቸውን ሲለቁ ለማየት ከበዋቸዋል። ነጠላቸው ርጥብ ነው፤ ዓርብ ከተመለሱ ጀምሮ ጠበል ሲጠመቁ እንደሰነበቱ መልካሙ ነገረኝ። አስፈቅጄ ላፕቶፑን ከፈትኩና ማዳመጫውን አደረግሁላቸው።

ራሳቸው ብድግ አለ። ትንሽ ቆይቶ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ዜማውን መምታት ጀመረ።

«ተሰማኝ» አሉ።

ሴቶቹ እልል አሉ። መልካሙ ተንበርክኮ መሬቱን ሳመ። ከጎኔ የቆመች ሴት ጠበሉ ሠራላቸው እያለች ታለቅሳለች። እኔንም ብሥራት ይዛ የመጣች እያሉ መረቁኝ። ላፕቶፑን ዘግቼ መሄድ እችል ነበር።

«የኔታ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «ጠበሉ አይደለም። ዓርብ ዕለት ማሽኑ ድምፅ አልነበረውም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

የኔታ ማዳመጫውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሰማኛል ብለሽኝ ነበር» አሉ።

«ዋሽቼዎት ነው።»

አንድ ሰው ከኋላ ስለ ተማሩ ሴቶች የሆነ ነገር ተናገረ። የኔታ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ማብራሪያ ነበረኝ፤ ስለ ከርነሉ፣ ድምፁን ለምን ሳልሞክር እንደቀረሁ። አንዱንም አልተናገርኩም። እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ወደ መልካሙ ዞሩ። «ከመጀመሪያው መልሺው በላት።»

መልካሙ ነገረኝ፤ መለስኩት። እስከ እኩለ ቀን ሠራን። ዘጠኝ ቦታ ላይ አስቆሙኝ፤ ሦስቱ የራሳቸው ስሕተት ነበር፣ የቀሩት ደግሞ በቀረጻው ላይ ከጀርባቸው ይከተሏቸው የነበሩት ተማሪዎች ስሕተት ነው፣ ማን እንደሆነ በስም ለዩት። ሁሉን ከደቂቃው ጋር ጻፍኩ። ከእሳቸው አንድ ክንድ ርቄ ነበር የተቀመጥኩት፤ ቢሆንም የሚሉትን ለመልካሙ ይሉታል፣ መልካሙ ለእኔ ይነግረኛል።

ስጨርስ ተነሥቼ ለምርቃት ጎንበስ አልኩ። ማዳመጫውን አውልቀው ለመልካሙ ሰጡት።

«የቀረውን በሚመጣው እሁድ ታምጣ» አሉት።

እሺ አልኩ፤ ለመልካሙ።