ከሙሉሃብት ጋር ያጣላኝ መድኃኒት

ባሌ ሙሉሃብት ደረቱ ውስጥ ሁለት በሽታ አለበት። አስሙ ከልጅነቱ የነበረ ነው፤ በላዩ ደግሞ ዕድሜ ልኩን የሳበው የጎጆ ጭስ ሳንባውን ጎድቶት ሌላ በሽታ ተደረበበት። ሐኪሙ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ጧትና ማታ፣ ሲብስበትም እንዲወስድ አስጠንቅቆት ነበር።

እሱ ግን ልንቆርብ ነው ብሎ ከዋዜማው ጀምሮ ተወው። ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ዳገቱ ላይ ደረቱ ያፏጭ ጀመር፤ ከንፈሩም ጠቆረ። ድንጋይ ላይ አስቀምጬው ነጠላዬ ጫፍ ላይ የቋጠርሁትን መድኃኒት አወጣሁ።

«ሳበው!»

«ጾሜን... አልሽርም።»

«አንተ ግትር፣ ሞተህ ልትቆርብ ነው?»

«ፊደል ያልቆጠርሽ... ቀኖና ታስተምሪኛለሽ?»

«ፊደል ባልቆጥርም ሬሳ ከሰው እለያለሁ!»

የነፍስ አባታችን መምሬ ምሥጋናው ከኋላችን ሲመጡ አይቼ ጮህሁ። «አባ፣ ይድረሱልኝ! ይሄ ሰውዬ መድኃኒቱ ጾም ይሽራል ብሎ ሊሞትብኝ ነው።»

መምሬ መስቀላቸውን አሳልመው ተቆጡት። «እህል ነው? ውሃ ነው? ለበሽተኛ መድኃኒት ማን ከለከለ? ሳብ፣ ፈቅጃለሁ!»

ያኔ እንደ ሕፃን እሺ ብሎ ሳበ። እኔ ስለምነው የደነቆረ ጆሮ ለመምሬ ወዲያው ተከፈተ! ቆይቶ የከንፈሩ መልክ ሲመለስ ፊቴን አዙሬ እንባዬን ጠረግሁ።

«እንፍጠን፣ ቅዳሴው አይጠብቀንም» አለኝ።

«አይጠብቀና! አንተን ቀብሬ ለብቻዬ ልቁረብ? ቀስ በል» አልሁና ክንዱን ያዝሁት።