የደላላው አክስት

ፋንታዬ በፊልሙ ውስጥ ያላት ቦታ አራት ደቂቃ አይሞላም። ዋናው ተዋናይ ሳዲቅ ነው፤ ልጆችን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያሻግር ደላላ ሆኖ፣ ጥቁር መነጽር ሰክቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ይንጎራደዳል። በመንገድ የሞቱት ልጆች ደግሞ ፊታቸውን ዱቄት ተቀብተው እየመጡ በሩን ያንኳኳሉ። ፋንታዬ የደላላው አክስት ናት። ሥራዋ ልጆቹን ከመሳፈራቸው በፊት ቁርስ ማብላት ብቻ ነው።

በእነዚህ አራት ደቂቃዎች ሰበብ ነው እንግዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ እህል አልዋጥ ያላት።

ሰው ሲጠይቃት «የመድረክ ፍርሃት ነው» ትላለች። ሃያ ስድስት ዓመት ስድሳ ተማሪ ፊት ቆማ አማርኛ ያስተማረች ሴት የምን የመድረክ ፍርሃት! የፈራችው አንድ ሰው ነው፤ ጎረቤቷን አስካለችን።

የአስካለች ልጅ ሚክያስ ከአራት ዓመት በፊት ለእናቱ ሳይነግር ወጥቶ ሄደ። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም፤ ልጅ ያልሸኘ ቤት ቢፈለግ አይገኝም። ሚክያስ ከሞያሌ አንድ የድምፅ መልእክት ላከ። ከዚያ ወዲህ ድምፁም አልተሰማ፣ መርዶውም አልመጣ። አስካለች ስልክ ስትቀይር እንኳ መጀመሪያ የምታስገለብጠው ያንን መልእክት ነው። ፋንታዬ ስንቴ አብራት እንደሰማችው አታውቅም፤ በቃሏ ይዛዋለች።

«እማ፣ አትጨነቂ። በልቼ ነው የወጣሁት። አንዲት ሴት ቤት ቁርስ በላሁ፤ ስሟን ላልናገር ቃል ገብቻለሁ። አንዴ አጎረሰችኝ፣ ሁለተኛውን ሳልጎርስ መኪናው መጣ። ‹እናትህን እኔ አለሁላት፤ አንተ ብቻ ወደ ኋላ አትይ› አለችኝ። ስደርስ እደውላለሁ፣ እማ።»

መልእክቱ ባለቀ ቁጥር አስካለች የምትለው አንድ ነው።

«ማናት፣ ቲቸር? አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል አልሰማችም? ልጄን በአንድ ጉርሻ የሸኘችው ማናት?»

ፋንታዬም አብራት ራሷን ትነቀንቃለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሴትየዋ እሷው ነበረች። ሚክያስ ተማሪዋ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቆ ሁለት ዓመት ሙሉ መናኸሪያው አጥር ላይ ተደግፎ ሲውል ባየችው ቁጥር አንጀቷን ይበላት ነበር። የእህቷን ልጅ ቸኮልን ያሻገረው ደላላ ስልክ ቁጥር እጇ ላይ ነበር፤ ቸኮል በሰላም ገብቶ፣ ሱቅ ከፍቶ፣ ለእናቱ ቤት ሠርቶላታል። እናም ቁጥሩን ለሚክያስ ሰጠችው። የሚሄድበት ቀን ጎሕ ሲቀድ ቤቷ መጣ፣ አበላችው፣ ሸኘችው። ክፉ አላሰበችም። ይህን ለራሷ ሺህ ጊዜ ብላዋለች፤ አንድ ቀን እንኳ አላሳረፋትም።

ቃሏን ግን አላጠፈችም። አስካለች በታመመች ጊዜ ሆስፒታል አብራት ያደረችው ፋንታዬ ናት። ጣሪያዋ ሲያፈስ ሠራተኛ ፈልጋ ያስጠገነችው ፋንታዬ ናት። አስካለችም በፈንታዋ ቤት ያፈራውን ሳታበላት ከደጇ አታወጣትም፤ «ሁለተኛውን ካልጎረስሽማ አትሄጂም! ልንጣላ ነው?» ብላ ሁለተኛውን በግድ ታጎርሳታለች። «ከእህት ትበልጪብኛለሽ» ስትላት ፋንታዬ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወዳለች።

ፊልሙን የሚሠራው ሆሴዕም የድሮ ተማሪዋ ነው። «ቲቸር፣ ልጆቹን ከመንገድ የሚያስቀር ፊልም ነው» ሲላት እምቢ ማለት አልሆነላትም፤ ምናልባት ኃጢአቴን ያቀልልኝ ይሆናል አለች። ጽሑፉ ላይ የተሰጣት ቃል «ብሉ፣ መንገዱ ሩቅ ነው» የሚል ብቻ ነበር። የቀረጻው ቀን ሆሴዕ «ከራስዎ የሆነ ነገር ይጨምሩበት» አላት።

ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ተዋናይ እንደ ሚክያስ አንገቱ ቀጭን ነበር። ካሜራው ሲጀምር ፋንታዬ ጠቀለለችና አጎረሰችው። ሁለተኛውን ጠቀለለችና ከውጭ የመኪና ጡሩምባ እንደሰማ ሰው ቆም ብላ ሳህኑ ጠርዝ ላይ መለሰችው። ፈገግ አለች። «እናትህን እኔ አለሁላት፤ አንተ ብቻ ወደ ኋላ አትይ።»

ካሜራ የያዘው ሰው እንኳ ፊቱ ተለዋወጠ። ፋንታዬ ራሷ የተናገረችውን የሰማችው ከሁሉም በኋላ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይህ ነው።

«ሆሴዕ፣ የመጨረሻዋን ቁረጥልኝ። ቁርስ ማብላቱ ይበቃል» ብላ ለመነችው።

«እሺ ቲቸር።»

የሆሴዕ «እሺ» ግን እንደ ልብስ ሰፊ «ነገ» ማለቂያ የላትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደወለችለት፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ «እሺ» አላት።

የፊልሙ ምረቃ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት፣ አዳራሽ ውስጥ ሆነ። አስካለችን ለማስቀረት ያልሞከረችው የለም። «ቁስልሽን የሚነካ ፊልም ነው፣ ይቅርብሽ» አለቻት።

«አንቺ ያለሽበትን? እኔ ቀርቼ ማን ሊያጨበጭብልሽ?» አለችና አስካለች የጸሎት ቤት ልብሷን ለብሳ፣ የእድር ሴቶችን አስከትላ መጣች። ፊት ወንበር ላይ ከጎኗ ተቀምጣ እጇን ያዘቻት።

ፊልሙ ተጀመረ። ዱቄት የተቀቡት ሙታን ብቅ ሲሉ ሰው በሳቅ ፈነዳ። «ያ የብሩ ልጅ አይደለም እንዴ?» ብሎ አንዱ ጮኸ። የሳዲቅ መነጽር ሲወድቅ ደግሞ ተሳቀ። ፋንታዬ በየሳቁ እፎይ ትላለች፤ ምነው እንዲህ እንደሳቁ ባለቀ! የቁርሱ ቤት በር ሲታይ ግን በሆዷ ቅዱስ ገብርኤልን መብራት እንዲያጠፋ ተማጸነችው። ሌላ ቀን ሲጠፋ የሚውለው መብራት የዚያን ዕለት ብልጭ ድርግም እንኳ አላለም። የፈሩት ይደርሳል።

ሆሴዕ መቁረጡ ቀርቶ ጭራሽ ፊቷን አቅርቦ ፊልሙ የሚታይበትን ግድግዳ ሞልቶበታል። አንድ ጉርሻ። ሁለተኛው ወደ ሳህኑ ጠርዝ። ፈገግታው። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ከኋላ አንድ ሕፃን አለቀሰ። ሙታኑን ሁሉ ያልፈራው ሰው ያቺን የምታጎርስ ሴት ፈራ።

«እናትህን እኔ አለሁላት፤ አንተ ብቻ ወደ ኋላ አትይ።»

«ኢየሱስ!» አለች አንዲት የእድር ሴት።

የአስካለች እጅ የፋንታዬን እጅ አልለቀቀም። መጨበጡን ብቻ ተወ። ፋንታዬ ዞራ ልታያት አልደፈረችም፤ ፊልሙ እስኪያልቅ ሁለቱም ግድግዳውን አዩ።

ሲወጡ ሰው ፋንታዬን ገለል እያለ አሳለፋት። ያስተማረቻት አንዲት እናት ልጇን ወደ ቀሚሷ ሳበች። ሆሴዕ እየሮጠ መጥቶ «ቲቸር፣ ፊልሙን ያዳኑት እርስዎ ነዎት! ከየት አመጡት ግን?» አላት።

«ጎበዝ ነሽ፣ ቲቸር» አለች አስካለች። «ልክ እውነት አስመሰልሽው።»

በመንገዱ ላይ አስካለች ስለ ዝናቡ አወራች፣ ስለ ቀጣዩ የእድር ስብሰባ አወራች። ፋንታዬ እያንዳንዱን ቃል አገላብጣ መረመረችው። አውቃለች? አላወቀችም? ብትሰድባት ይሻላት ነበር። እሑድ ቅዳሴ ቆማ አንዲት ቃል አልሰማችም። እነግራታለሁ አለች፤ ደግሞ ባላወቀችስ ብላ ተወችው።

ሰኞ ጠዋት አስካለች በአጥሩ ላይ ተጣራች። «ቲቸር፣ ነዪ ቁርስ ብዪ።»

ቆጮው፣ ጎመኑና አይቡ ቀርቧል። ስልኩም ከሳህኑ አጠገብ ተቀምጧል። መልእክቱን ግን አልከፈተችውም። ፋንታዬ ቁጭ አለች።

«አስካለች፣ የምነግርሽ ነገር…»

«መጀመሪያ ብዪ» አለችና አስካለች ጠቅልላ አጎረሰቻት። ትልቅ ጉርሻ ነበር፤ አፏን ሞላው፣ ነገሩ ውስጧ ቀረ።

አስካለች ሁለተኛውን ጠቀለለች። ፋንታዬ በአራት ዓመት ልማዷ እንደ ሕፃን ጠበቀች። አስካለች ጥቂት አየቻትና የጠቀለለችውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። እጇን በፎጣ ጠረገች። ስልኩን አንሥታ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፣ ድምጿ ግን አልተሰበረም።

«በይ፣ ቲቸር» አለቻት። «ሂጂ። ወደ ኋላ ግን አትዪ።»

ፋንታዬ ተነሥታ ወጣች። ጉርሻው ቤቷ እስክትደርስ አልተዋጠላትም።