በጋቢ የተጠቀለለ ድምፅ

ብሌንደሩን ከጅዳ የላከችው የባለቤቴ የዊዳድ እህት ናት። ካርቶኑ ሲከፈት እኔ ሽቶ ወይም ሸሚዝ ጠብቄ ነበር። ዊዳድ ግን ማሽኑን እንደ አራስ ልጅ አቅፋ፣ «ተውፊቅ፣ ፒያሳ ቤታችን ድረስ መጣችልህ!» አለችኝ። ነገሩ ገብቶኛል። ሳንጋባ በፊት ከኮምቦልቻ ደሴ እየወጣን፣ ፒያሳ አንዲት ጭማቂ ቤት ጥግ ተቀምጠን አንድ ሚልክሼክ በሁለት ስትሮ እንጠጣ ነበር። ትዳራችንን ያቆመው ሽምግልና ሳይሆን ሙዝና ወተት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ባይሰሙኝ ይሻላል እንጂ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወተቱ ይፈላል፤ ሲቀዘቅዝ ግማሹ በፌስታል ተቋጥሮ ፍሪዘር ይገባል። ድንጋይ ሲሆን በዘነዘና ይከሰከሳል። ከዚያ የቀረው ወተት፣ አንድ በደንብ የበሰለ ሙዝ፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ አንድ ደቂቃ መፍጨት። ከፋብሪካ ላቤን እያንጠባጠብኩ ገብቼ ያንን ስጠጣ፣ የኮምቦልቻ ሙቀት የሰው አገር ወሬ ይመስለኛል።

ችግሩ ድምፁ ነው።

የምንኖረው እትዬ ፈትሂያ ግቢ፣ በአንድ ቆርቆሮ ሥር ከተደረደሩት አራት ክፍሎች በአንዱ ነው። ከጎረቤት የሚለየን ቺፑድ ነው፤ ጁነይድ ማዶ ሲያስነጥሰው «የርሐሙከላህ» የምለው እኔ ነኝ። የጁነይድ ሚስት ከሪማ አምስት ወሯ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ስለዚህ እትዬ ፈትሂያ ለግቢው ሕግ አወጡ። ሽታው ከሪማ አፍንጫ የደረሰ ምግብ ሁሉ፣ ባለቤቱ ሳይቀምሰው ለሷ ይቆነጠርላታል። ነፍሰ ጡር ያማራት ነገር ከቀረባት ፅንሱ አይቆይም ይላሉ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የምግብ ሳይንስ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ አላምንበትም። ሳላምንበት ግን ሳምቡሳዬን ገምሼ ልኬያለሁ። ጥግ ላይ ያለው ወንደላጤ በላቸው እንኳ ሽንኩርት ባቁላላ ቁጥር ማንኪያውን ይዞ በሯ ላይ እንደ ዘበኛ ይቆማል።

የመጀመሪያው ቀን ዊዳድን «ለከሪማስ?» አልኳት።

«ወተት ይሸታል እንዴ?»

«አይሸትም።»

«ሕጉ ስለ ሽታ ነው።» ብርጭቆዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ከተጋባን ሦስት ዓመታችን ነው፤ ልጅ የለንም። «ተውፌ፣ እዚህ ግቢ ሁሉም ነገር ለሷ ሆድ ነው። ይህቺን አንዲት ነገር እንኳ ለኔና ላንተ ተዋት።»

ተውኳት። ድምፁ እንዳይወጣም ብሌንደሩን የሠርጋችንን ጋቢ አለበስነው፤ ሬዲዮውንም ከፍ አደረግነው። ጋቢው ውስጥ ሆኖ ሲፈጭ፣ ጆንያ ውስጥ የታሰረ አውሬ አውጡኝ እያለ የሚለምን ይመስላል።

በሦስተኛው ቀን ከሪማ ቧንቧው አጠገብ አገኘችኝ።

«ተውፊቅ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እናንተ ቤት የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?»

«ልብስ ማጠቢያ ነው።»

ባዶ ጀሪካኗን አየች፤ ቀጥላም ቧንቧውን። ውሃ ከሄደ ስድስተኛ ቀኑ ነበር።

«ማሻአላህ! ያለ ውሃ የሚያጥብ! ጅዳ መቼም የሌለ ነገር የለም» ብላ ሳቀች። ሌላ አልጠየቀችኝም። ከሪማ ከዚያ በላይ የምትጠይቅ ሴት አይደለችም። ሁለቱንም ፅንሶች ያጣችው ባለመጠየቋ ነው ይላል ግቢው።

የማንኪያው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብሌንደሩን ስናጠፋው፣ ከቺፑዱ ማዶ ብርጭቆ ውስጥ ማንኪያ ሲዞር ይሰማል። ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል። አንድ ደቂቃ፤ ልክ እኛ የፈጨንበትን ያህል። ከዚያ ፀጥ።

«ሻይዋን እያማሰለች ነው» ትላለች ዊዳድ።

አንድ ቀን ግን በሯ ገርበብ ብሎ አየኋት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ስኳር የገባበት ውሃ ታማስላለች። ለዊዳድ አልነገርኳትም። ገብቼ ድርሻዬን ጠጣሁ። አረፋውንም ሳላስቀር።

ሐሙስ ዕለት ብሌንደሩን ስናጠፋ ማንኪያው አልተሰማም። ጠበቅን። ዊዳድ ሬዲዮውን ቀነሰችው። ስንት ቀን እንዳትሰማን የተጨነቅን ሰዎች፣ ጆሯችንን ቺፑዱ ላይ ለጠፍን።

በራችን ተደበደበ።

«ባጃጅ!» ጁነይድ ነው። «ተውፊቅ፣ ባጃጅ ጥራልኝ! ደም እየፈሰሳት ነው!»

ባጃጁ ባልና ሚስቱን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ከሄደ በኋላ፣ እትዬ ፈትሂያ የሙስበሓ መቁጠሪያቸውን ይዘው ግቢው መሀል ቆሙ።

«በላቸው፣ ዛሬ ምን ሠራህ?»

«ሽሮ፣ እትዬ። ማርያምን፣ ድስቱን ሳላወርድ ነው የሰጠኋት!»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም ሽሮ፣ ከትናንት ወዲያም ሽሮ። ሌላ ምን አውቅና ነው?»

ማንም አልሳቀም። ያኔ የእትዬ ፈትሂያ ስልክ ጮኸ። ጆሯቸው ስለሚደክም ሁልጊዜ ድምፁን ለግቢው ሁሉ ነው የሚለቁት።

«እትዬ፣ አምቡላንስ ውስጥ ነን፤ ደሴ ውሰዷት ብለውናል» አለ ጁነይድ። «እየደጋገመች ‹የሚያጉረመርመው› ትላለች። ሌላ ቃል የላትም። የሚያጉረመርመው ምንድን ነው? እርስዎ ያውቁታል?»

 እትዬ ፈትሂያ ቀስ ብለው ወደኛ በር ዞሩ። ሌላውም ተከትሏቸው ዞረ። በራችን ሥር የጋቢው ጥለት ወጥቶ ይታያል፤ ሙዝ ነክቶታል።

«እኔ ነኝ» አለች ዊዳድ። «ለሷ አይሰጥም ያልኩት እኔ ነኝ። አፉ በሉኝ፣ እትዬ።»

«አፉታውን ለሷ ትጠይቂያለሽ። አሁን ሥሪ።»

ያለ ጋቢ፣ ያለ ሬዲዮ፣ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ ግቢው ሁሉ እያየን ሠራን። ማሽኑ አሥር ሰከንድ ያህል እንደጮኸ ቀጥ አለ።

«መብራት ሄደ» አለ በላቸው፣ ያልታየን መስሎት።

ዊዳድ እንደሆነው ሆኖ፣ ከነተከሰከሰው በረዶ፣ አፉ ሰፋ ያለ ሃይላንድ ውስጥ ገለበጠችው። በጋቢው ጠቅልላ እቅፌ ላይ ጣለችልኝ። «እንዳይረጋ እየወዘወዝክ ሂድ። እንዳይቀልጥ ጋቢውን አትግለጥ።»

ሚኒባሱ የደሴን ጠመዝማዛ ሲወጣ እኔ እወዘውዛለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ታገሱኝ፣ ታገሱኝና፣

«ልጄ፣ ቅቤ እየናጥክ ነው?» አሉ።

ረዳቱ ከበሩ ሆኖ፣ «ከወጣልህ ለኛም ቀባ አርግልን፣ አናታችን ደርቋል!» አለ። መኪናው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ መሰለኝ። እጄን ግን አላቆምኩም።

ሆስፒታል ስደርስ ጨልሟል፤ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተጋድሟል። ነርሷ ቶሎ ቶሎ ነበር የምታወራው። የፅንሱ ልብ ይመታል። ደሙ እስኪነጋ ከቆመ ይተርፋል፤ ካልቆመ ኦፕራሲዮን ክፍል ትገባለች። «ስለዚህ ምንም ነገር ባፏ እንዳይገባ። ውሃም ቢሆን።»

ከሪማ ፊቷ ገርጥቷል። መጀመሪያ ያየችው እኔን ሳይሆን ጋቢውን ነው።

«ልብስ ማጠቢያው ነው?»

«እሱ ነው» አልኩ። «አፉ በይን፣ ከሪማ።»

«አብሽር።» ከንፈሯን በምላሷ አራሰች። «መጠጣቱ ቀርቶብኛል። እስቲ ወዝውዘው፣ ልስማው።»

ጁነይድን አየሁት። ራሱን ነቀነቀልኝ። ጋቢውን ገለጥኩና ወዘወዝኩ። በረዶው ላስቲኩን ሲመታ ቅጭል፣ ቅጭል ይላል። ከሪማ ዓይኗን ጨፍና እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ነርሷ መጥታ «ሰውዬ፣ ምንድን ነው የምትሠራው?» ስትለኝ፣ ጁነይድ «ተይው፣ እህቴ» ብሎ ለመናት።

ስንት እንደቆየሁ አላውቅም። ከሪማ ዓይኗን ሳትገልጥ፣

«ለምን ቀነሰ?» አለች።

«አልቀነሰም።»

ሁለተኛው ውሸቴ ነው። በረዶው እየቀለጠ ነው። ጋቢውን ባለብሰው ይቆያል፤ እሷ ግን አትሰማውም። ብገልጠው ትሰማለች፤ ግን ያልቃል። ሊነጋ አሥር ሰዓት ይቀራል። በሳይንስ የማምን ሰው ነኝ፤ ክንዴ ዝሏል፤ ላቆም ግን አልደፈርኩም። ውስጥ የቀረችው አንዲት የበረዶ ፍሬ ናት፤ ሙዝ ጫፍ ላይ የምትቀረውን ጉጥ ታህል።

ቅጭ።

ጁነይድ ወደ ሃይላንዱ ጎንበስ አለ።

ቅጭ።