የማሚት ወንበሮች

እታገኝን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ነገር ይመሰክርላታል፦ ጦሟን ታድራለች እንጂ ገመናዋን ለሰው አታሳይም። አባቷ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ ሌላ ሀብት አልያዙምና ይህንኑ አወረሷት። ከዚህ ውርስስ አንዲት ፍየል ትሻላት ነበር።

ሚዛን ተፈሪ ዳር፣ ከወንዙ በላይ ባለች ጭቃ ቤት ከአንድ ልጇ ከረድኤት ጋር ትኖራለች። ቀን መጋዘን ገብታ ቡና ስትለቅም ትውላለች፤ ማታ ጎደሬ በጨው ነው። ረድኤት ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ጤና ጣቢያው የሚሰጣትን ኪኒን መዋጥ ከጀመረች ወዲህ ግን አንድም ቀን ወድቃ አታውቅም። ትምህርቷን ቀጠለች፣ ጓደኛ አፈራች፣ እንደ ሰው ልጅ መሳቅ ጀመረች። ኪኒኑን የሚያስገኘው ቀበሌው የሚሰጠው የነጻ ሕክምና ወረቀት ነው።

በዚያ ዓመት የነጻ ሕክምናው በጀት ተቀነሰ ተባለ። ከእንግዲህ ወረቀቱ የሚታደሰው ለድሃ ድሃ ብቻ ነው፤ ማን ድሃ እንደሆነ ደግሞ ኮሚቴ ቤት ለቤት ዞሮ ያያል። ወሬውን ያመጣችላት ጎረቤቷ ጠላ ሻጯ ማሚት ናት።

«ነገ እናንተ ጋ ናቸው። ሰብሳቢው ጋሼ ገብረወልድ ናቸው አሉ።»

እታገኝ ክው አለች። ገብረወልድ የአባቷ ባልንጀራ ናቸው፤ በአንድ መኪና ተጭነው ነው አብረው የመጡት። እኚህ ሰው መጥተው የጭቃ መደብ ላይ ሊቀመጡ?

ሌላ ሰው ቢሆን ያለችውን አንዲት ድስት እንኳ ይደብቅ ነበር። እሷ ከማሚት አራት ወንበር፣ ጠረጴዛ ከነልብሱ፣ ብርጭቆና አበባ ያለበት ሳህን ተውሳ ቤቷን ሞላች። እንቁላል የምትጥልላትን አንዲት ዶሮዋንም አረደች።

«እማዬ፣ ሰዎቹ እኮ የሚመጡት ድህነታችንን ሊያዩ ነው» አለች ረድኤት።

«ድህነቴን እግዜር ይየው። እኔ እንግዳ በባዶ ቤት አልቀበልም።»

በማግስቱ ኮሚቴው ጫማው ላይ ጭቃውን ተሸክሞ መጣ፤ ገብረወልድና ሁለት ወጣቶች። እጃቸውን አስታጠበቻቸው፣ በሉ። ገብረወልድ የደረሳቸው ወንበር ጀርባው ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ ነበር። ሽቦውን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉትና «እጅሽ ይባረክ፣ አባትሽን አስታወስሽኝ» አሏት። ወጣቶቹ አጥንቱን ግጠው ሲያበቁ ቤቱን ከላይ እስከ ታች ቃኙት። አንደኛው ደጅ ወጥቶ ጥርሱን እየጎረጎረ፣ «ይቺማ ደህና ኑሮ አላት» አለ። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ማለት ይኸው ነው። ገብረወልድ ከዘራቸውን አንስተው ወደሚቀጥለው ቤት አመሩ።

በወሩ እታገኝ መድኃኒት ልትወስድ ስትሄድ ስሟ ተሰርዟል። «ከእንግዲህ በግዢ ነው» አሏት። ዋጋውን ሰምታ መስኮቱን ለሚቀጥለው ሰው ለቀቀች።

ረድኤት አለቀሰች። «ሂጂና ወንበሩ የኛ አይደለም በያቸው! አንድ ቃል እኮ ናት፣ እማዬ!»

ሄደች። የቀበሌው አዳራሽ አቤቱታ ባለው ሰው ጢም ብሏል፤ ግማሹ የዕድሯ ሰው፣ ግማሹ አብሯት ቡና የሚለቅም። ተራዋ ደርሶ ተነሳች። ከፊት ከተቀመጡት ከገብረወልድ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። «ተውሼ ነው» ልትል አፏን ከፈተች።

«የኛ ሰፈር የቧንቧ ውሃ ነገር ከምን ደረሰ?» አለች።

ሰው ሁሉ አጨበጨበላት። የሰፈሩን ችግር በድፍረት የተናገረች ሴት ተብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ረድኤት የተረፋትን ኪኒን ለሁለት እየከፈለች ቆየች፤ አለቀ። ከዚያ በኋላ አልሰነበተችም። አንድ ቀን ልብስ ልታጥብ ወንዝ ወረደች፤ እዚያው ጣላት፣ በፊቷ ውሃው ውስጥ ተደፋች። ውሃው ቁርጭምጭሚት አያልፍም። አጠገቧ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ፤ እሪ አሉ። አረፋው ይጋባል ብለው ግን አንዳቸውም አልነኳትም። አንዷ ብቻ ክብሪት ፍለጋ ሽቅብ ሮጠች፤ የክብሪት ጭስ ያሸተተ ይነቃል ይባላል። ክብሪቱ ሲደርስ የሚያሸት አልነበረም።

ለቅሶው ላይ የዕድሩ አግዳሚ አልበቃ ብሎ የማሚት ወንበሮች ወደ ድንኳኑ ወጡ። ገብረወልድ እያለቀሱ ገቡ፤ እንባቸው የእውነት ነበር። ያችኑ በሽቦ የታሰረች ወንበር ሰጧቸው። ተቀመጡና ወደ እታገኝ ዘንበል አሉ።

«ልጄ፣ ወንበሮቹ የማሚት እንደሆኑ ያን ዕለትም አውቄያለሁ። ስንት ዘመን ጠላ የጠጣሁባቸው አይደሉም እንዴ?»

እታገኝ ቀና ብላ አየቻቸው። «አውቀው ነበር?»

«አዎ። ታዲያ በነዚያ ልጆች ፊት ገመናሽን ልግለጠው? የአባትሽ አጥንት ይወቅሰኛል። ክብርሽን ጠበቅሁልሽ።»

አንገታቸውን አንቃ ልጄን መልሱልኝ ልትላቸው ፈለገች። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ወደ እሷ ዞሮ ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለች። የንፍሮውን ሳህን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችው። «ይዝገኑ እንጂ።»

ገብረወልድም እፍኝ ሙሉ ዘገኑ።